ያው ኮሮላ፣ ያው 2008፤ ፓራውልቱ ግን አልገጥም አለ

ሽሮሜዳ07፦
ሰላም ለቤቱ። አንድ ነገር ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲከነክነኝ ከረመ፣ የገባው ሰው ያስረዳኝ። መኪናዬ የ2008 ኮሮላ ናት፣ በዱባይ በኩል የገባች። ከኋላ ተገጭታ ፓራውልቷ (የግጭት መከላከያዋ) ተሰንጥቆ ነበር። ሶማሌ ተራ ዞሬ ዞሬ «የ2008 ኮሮላ፣ ኦሪጅናል ጃፓን» የተባለ ያገለገለ ፓራውልት አገኘሁና ገዛሁ። ጋራዥ ስንወስደው አልገጥም አለ። መሃል ላይ አስተካክለን ስንይዘው በግራም በቀኝም ሁለት ሁለት ጣት ያህል ይጎድለዋል። ስሙ አንድ፣ ዓመቱ አንድ፣ ፋብሪካው አንድ።

መልሼ ልስጥ ስል አይሆንም ተባልኩ፣ እሱን ትቼዋለሁ። የከነከነኝ ሌላ ነው። ጀርመን ያለው ወንድሜም ኮሮላ ነው የሚነዳው፤ የሱ ኋላዋ የረዘመ ስቴሽን ዋገን ናት። አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅም ኮሮላ አላት፤ የሷ እንደኔ ሴዳን ናት፣ የዕቃ ማስቀመጫዋ ለብቻው ወደ ኋላ የወጣ። ስቴሽን ዋገን ኮሮላ እዚያ አይሸጥም ትላለች። አንድ ፋብሪካ ለአንዱ አገር አንድ ቅርጽ፣ ለሌላው ሌላ ቅርጽ የሚያቀርበው ለምንድን ነው? ሁሉንም ለሁሉም ቢሸጥ ምን ይጎዳዋል?

ባትላሜራው፦
ልጄ፣ የገዛኸው የአክሲዮ ፓራውልት ነው። እኔ ጋ በዚሁ ጉዳይ የመጣውን ሰው ብዛት አትጠይቀኝ።

ከ2006 መጨረሻ ጀምሮ ቶዮታ ኮሮላን ሁለት አድርጎ ነው የሠራት። ለጃፓን «ኮሮላ አክሲዮ» ብሎ ጠባቧን፣ ለውጭ ደግሞ ሰፊዋን። የአክሲዮ ወርድ 1,695 ሚሊ ሜትር ነው፣ ርዝመቷ 4,410። ያንተዋ ወርዷ 1,760፣ ርዝመቷ 4,540። የወርዱን ልዩነት ለሁለት አካፍለው፣ በየጎኑ ሦስት ሳንቲ ከምናምን ይመጣል። ያው ያልከው ሁለት ጣት ነው። ኮፈኑም፣ ፓራፋንጎውም፣ መብራቱም አይገናኝም። ቆርቆሮ ነው፣ መትቼ አሰፋዋለሁ የሚልህ ካለ አትስማው፣ ፓራውልት ፕላስቲክ ነው።

ሌላ ጊዜ ዕቃ ስትገዛ ዕቃው የወጣበትን መኪና የሻንሲ ቁጥር (አካሉ ላይ የተመታውን መለያ ቁጥር) ጠይቅ። ለጃፓን ገበያ የተሠራ መኪና አጭር ቁጥር ነው ያለው፣ መሃሉ ላይ ሰረዝ አለበት። ለውጭ የተሠራው 17 ፊደልና ቁጥር አለው። እሱን ካየህ ግማሹን ችግር ጨርሰሃል።

ሽሮሜዳ07፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። እንዲህ ተብሎ ቢነገረኝ ኖሮ አልገዛውም ነበር። ግን ሌላ ጥያቄ ፈጠሩብኝ። ለምን ለራሳቸው ጠባቧን? ሰው ሰፊውንና ጥሩውን ለራሱ አይደል የሚያስቀረው?

ኮሎኝ_ያለሁ፦
ሽሮሜዳ፣ ለነሱ ጥሩዋ ጠባቧ ናት። ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ምክንያቱም እኔ እዚህ ለመኪና ፋብሪካዎች ቆርቆሮ በፕሬስ ማሽን እየመታ ቅርጽ በሚያወጣ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው፤ ይሄ ጥያቄ የዕለት እንጀራዬ ነው።

ጃፓን ውስጥ መኪና በመጠኑ ይመደባል። ርዝመቱ ከ4.7 ሜትር፣ ወርዱ ከ1.7 ሜትር፣ ቁመቱ ከ2 ሜትር፣ የቤንዚን ሞተሩ ከ2,000 ሲሲ ካልበለጠ «ትንሽ» የሚባለው ምድብ ውስጥ ይገባል፣ የታርጋው መደብ ቁጥርም በ5 ወይም በ7 ይጀምራል። ከአራቱ አንዱን ካለፈ በ3 ይሆናል። እስከ 1989 ባለ 3 ታርጋ መኪና ዓመታዊ ግብሩ በጣም ከባድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግብሩ የሚሰላው በሞተሩ መጠን ነው፤ ልማዱ ግን አልጠፋም፣ የሰፈሩም መንገድ አልሰፋም። አሁን ጋሼ የጻፉትን ቁጥር ተመልከት፦ 1,695። ከመስመሩ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ዝቅ ብላ ነው የገባችው። ያቺን 5 ሚሊ ያስቀመጠው ንድፍ ሠሪ ሕጉን ፊቱ ዘርግቶ ነው የሠራው።

ሌላም አለ። ጃፓን ውስጥ በአብዛኛው ከተማ መኪና በስምህ ለማዞር የማቆሚያ ቦታ እንዳለህ ከፖሊስ ጣቢያ ማስረጃ ያስፈልግሃል። ከዚህም ያነሰ ምድብ አላቸው፣ «ኬይ» የሚሉት፦ ርዝመቱ እስከ 3.4 ሜትር፣ ወርዱ እስከ 1.48፣ ሞተሩ እስከ 660 ሲሲ። ወደ ጎንና ወደ ፊት መስፋት ሲከለከል የቀረው ወደ ላይ ነው፤ ለዚህ ነው የጃፓን ትናንሽ መኪኖች እንደ ቁም ሳጥን ቀጥ ብለው የቆሙት።

በ2019 አዲሷ ኮሮላ ጃፓን ስትገባም ነገሩ አልቀረም። ለዓለም የቀረበችው ሴዳን ወርዷ 1,780፣ ርዝመቷ 4,630 ነው። ለጃፓን ግን 1,745 በ4,495 አድርገው ለብቻ ቀነሷት። ያም በዛብኝ ለሚል አሮጌዋን አክሲዮ ጎን ለጎን መሸጥ ቀጠሉ።

አሁን «ሁሉንም ለሁሉም ቢሸጥ ምን ይጎዳዋል» ላልከው። እኛ ጋ አንድ የበር ቆርቆሮ የሚወጣው ከአንድ ምት አይደለም። ፕሬሱ በተከታታይ ይመታዋል፣ ለእያንዳንዱ ምት የራሱ የብረት ሞልድ (ቅርጽ ማውጫ) አለ፣ አንዱ ሞልድ ብዙ ቶን ይመዝናል። ሴዳን ላይ ስቴሽን ዋገን ልጨምር ካልክ ከኋላ በር ወዲያ ያለው በሙሉ አዲስ ነው፦ ጣሪያው፣ የጎኑ ቆርቆሮ፣ የኋላው መዝጊያ፣ መስታወቱ፣ መብራቱ። ከዚያ ከኋላ የመጋጨት ፈተናው እንደገና ነው። አውሮፓና አሜሪካ ደግሞ የፈተና ሕጋቸው አይገናኝም፤ እዚህ ያለፈ መኪና እዚያ እንደ አዲስ ይፈተናል። ይህ ሁሉ ወጪ በምትሸጠው መኪና ብዛት ይካፈላል። ብዙ ካልሸጥክ እያንዳንዷ መኪና ላይ የሚያርፈው ወጪ ትርፉን ይበላዋል። የአክስትህ ልጅ እዚያ አይሸጥም ያለችውን ቶዮታ መሥራት አያቅተውም፣ እየሠራውም ነው፤ እንግሊዝ አገር በርናስተን ከሚባለው ፋብሪካው የሚወጡት ኮምፓክቷ (ኋላዋ አጭሯ) እና ስቴሽን ዋገኗ ናቸው። የአውሮፓዋን ሴዳን ደግሞ ቱርክ ውስጥ ይሠራል፣ ምክንያቱም ሴዳን የሚወደው ሰው እዚያና በምሥራቅ አውሮፓ ነው ያለው።

ወንድምህ ስቴሽን ዋገን የያዘበትን ምክንያት ልገምት? ጀርመን ውስጥ ብዙ አዲስ መኪና የሚገዛው በመሥሪያ ቤት ስም ነው። ሠራተኛው ለግሉም ይነዳዋል፤ ለዚያም በየወሩ የመኪናው የዋጋ ዝርዝር 1% እንደ ደመወዝ ተቆጥሮ ይቀረጥበታል። ስለዚህ አንዱ መኪና ሰኞ ለሥራ፣ ቅዳሜ ለልጆችና ለጋሪያቸው፣ ክረምት ለበረዶ ሸርተቴ ዕቃ መሆን አለበት። ሀይዌይ ላይ በ160 ስትሄድ ደግሞ ዝቅ ያለ መኪና ይሻላል። ስቴሽን ዋገን ሁሉንም ያሟላል።

ተቆርቋሪው፦
ይሄ ሁሉ ማብራሪያ ጥሩ ነው፣ እውነቱ ግን ሌላ ነው። ደህና ደህናውን ለራሳቸው፣ የተረፈውን ለአፍሪካ። አለቀ።

ኮሎኝ_ያለሁ፦
ወንድሜ ንዴትህ ከየትም አልመጣም፣ ይገባኛል። ግን ሁለት ነገር እንለይ። ቅርጽ አንድ ነገር ነው፣ ደህንነት ሌላ። በደህንነቱ ልክ ነህ። ግሎባል ኤንካፕ የሚባለው ፈታኝ ድርጅት በ2018 ለአፍሪካ የሚሸጠውን የኒሳን ሃርድቦዲ ፒካፕ ሲፈትን ዜሮ ኮከብ ነው የሰጠው። በቀጣዩ ዓመት አዲሱን ሃርድቦዲ ከአውሮፓ ከተገዛ ያገለገለ ናቫራ ጋር ፊት ለፊት አጋጩት። ያገለገለው ለሰው የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ይህ ሊያንገበግበን ይገባል። ሴዳንና ስቴሽን ዋገን የሚለው ግን ከንቀት አይመጣም፣ አሜሪካኖችም ስቴሽን ዋገኗን አላገኟትም እኮ።

ማርታ_ቨርጂኒያ፦
የአክስት ልጅ እኔ ባልሆንም ስለ እሷ ልመልስ 😊

እዚህ የመኪና ገዢ እንደ አውሮፓ ፋብሪካ አዝዞ ወራት አይጠብቅም። ቅዳሜ ሻጩ ግቢ ይሄዳል፣ ከቆሙት መርጦ ማታ እየነዳ ይመለሳል። ስለዚህ ሻጩ በቶሎ የሚወጣለትን ብቻ ነው የሚያቆመው። ስቴሽን ዋገን ግቢ ውስጥ ወራት ከቆመ ለሱ ኪሳራ ነው። ቮልስዋገን እንኳ የጎልፍን ስቴሽን ዋገን በ2019 እዚህ አቁሟል፣ ቀጥሎ ተራዋን ጎልፍም መሸጥ አቆመ፣ የቀሩት የስፖርቶቹ ብቻ ናቸው። ሴዳኗ ጄታ ግን አለች። አውሮፓ ተቃራኒው ነው፣ ጎልፍ እንደ ልብ፣ ጄታ የለችም።

ፎርድ ደግሞ በ2018 ሴዳኖቹን አሜሪካ ውስጥ ቀስ በቀስ እንደሚያቆም አሳወቀ። ሰው ከፍ ያለ መኪና ወደደ የሚለው አንድ ነገር ነው፣ እውነትም ወዷል። ግን ሕጉም ገፍቷል። የነዳጅ ቁጠባ ሕጉ «የቤት መኪና»ንና «ቀላል የጭነት መኪና»ን ለየብቻ ነው የሚለካው፣ ለጭነቱ ይላላል። ኤስዩቪ ከሚባሉት ከፍ ያሉ መኪኖች ብዙዎቹ የሚቆጠሩት በጭነቱ በኩል ነው። መኪናው አስፋልት ላይ የሚሸፍነው ቦታ በሰፋ ቁጥርም ግቡ ይቀልለታል። እንግዲህ ፋብሪካው ወዴት ያደላል?

እኔ በግሌ የሚቆጨኝ ሃይሉክስ ነው። አባቴ ጎጃም ውስጥ 20 ዓመት የነዳት ሃይሉክስ ናት፣ ደብል ጋቢና፣ እህልም ሰውም በሽተኛም የጫነች። እዚህ መጥቼ ሥራ ስይዝ ያቺን ልግዛ ብዬ ተነሳሁ። የለችም! ከ1995 ጀምሮ በሷ ምትክ ታኮማ የሚባል ለአሜሪካ የተሠራ ሌላ ፒካፕ ነው ያለው። ከጀርባው አንድ ታሪክ አለ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ርካሽ ዶሮ አውሮፓን አጥለቀለቀና ምዕራብ ጀርመንና ፈረንሳይ ቀረጥ ጣሉበት። አሜሪካ በ1964 አጸፋውን መለሰች፣ ቀረጥ ከጣለችባቸው ዕቃዎች አንዱ ከውጭ የሚገባ ቀላል የጭነት መኪና ነበር፣ 25%። የዶሮው ጠብ ተረሳ። ቀረጡ እስከ ዛሬ አለ። ስለዚህ ፒካፕ አሜሪካ ለመሸጥ የፈለገ እዚሁ ሰሜን አሜሪካ መሥራት አለበት፣ እዚህ ከሠራ ደግሞ ለእዚህ ሰው ልክ አድርጎ ይሠራዋል።

ፎርድ ራሱ በዚህ ቀረጥ ተይዟል። ትራንዚት ኮኔክት የምትባለውን ትንሽ ቫን ከቱርክ ሲያስገባ የኋላ ወንበርና መስኮት አድርጎ «የሰው መኪና» ነው ብሎ በ2.5% አስገባ። ከወደብ ከወጣች በኋላ ወንበሯ ተነቅሎ የጭነት ሆነች። በ2024 ከመንግሥት ጋር ለመጨረስ 365 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ወንበር ገጥሞ ለመንቀል ብቻ!

ዲዛየር_ራይድ፦
ይሄን ስታወሩ የኔዋን አስታወሳችሁኝ። እኔ ሱዙኪ ዲዛየር ነው የምሠራበት። ደንበኞች ቦሌ ኤርፖርት ላይ ሁለት ትልቅ ሻንጣ ይዘው ሲወጡ ኋላዋ ሁለተኛውን እንደ ልብ አይቀበልም። ለምንድን ነው ኋላዋ የተቆረጠ የሚመስለው? ከፊት ስታያት ሙሉ ሴዳን ናት፣ ከኋላ ግን በድንገት ታልቃለች።

ኮሎኝ_ያለሁ፦
ዲዛየር ወንድሜ፣ በትክክል አይተሃታል፣ እውነትም ተቆርጣለች። ያንተዋ የሕንድ መኪና ናት። ሕንድ በ2006 ርዝመቱ ከ4 ሜትር ላልበለጠ፣ የቤንዚን ሞተሩ ከ1,200 ሲሲ፣ የናፍጣው ከ1,500 ላልበለጠ መኪና ኤክሳይዝ የሚባለውን ቀረጥ ከ24% ወደ 16% አወረደች። የሕንድ ቤተሰብ ደግሞ ኋላዋ የወጣ መኪና ይወዳል፣ ሴዳን ክብር አለው፣ ዕቃውም ተለይቶ ይቆለፋል። መጀመሪያ በ2008 ስትወጣ ዲዛየር 4.16 ሜትር ነበረች፣ ስለዚህ ከቅናሹ ውጭ ቀረች። በ2012 ሁለተኛዋ ስትመጣ ኋላዋን አሳጥረው 3,995 ሚሊ ሜትር አደረጓት። እንደገና 5 ሚሊ! ሞተሯም 1,197 ሲሲ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሻንጣ የሚያስቸግርህ ዴልሂ ላይ የተሠመረ መስመር ነው።

ዲዛየር_ራይድ፦
አቤት! 4 ዓመት ስነዳት ይህን አላውቅም ነበር። ለደንበኞቼ እነግራቸዋለሁ።

ሻርጃ_ነጋዴ፦
እኔ ከዚህ ያገለገሉ መኪኖች ወደ አገር ቤት በመላክ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ላይ የምናየው ቅርጽ እኛ የመረጥነው ብቻ አይደለም፣ መኪናው በመጣበት መንገድም ይወሰናል። ቪትዝን ውሰዱ። ጃፓን በ1999 ያወጣቻት ኮምፓክት ናት፣ መሪዋ በቀኝ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ በመንገዱ ቀኝ በኩል ስለምትነዳ መሪዋ እዚህ ባሕረ ሰላጤው ላይ ወደ ግራ እየዞረ ነበር የምትላከው። ያሪስ ሴዳኗ ደግሞ ከዚሁ ከዓረቡ ገበያ የወጣች ናት፣ ሲጀመርም መሪዋ በግራ። አውሮፓዊ ስለ ያሪስ ብትጠይቁት የሚያውቀው ኮምፓክቷን ነው፣ ፈረንሳይ ቫለንሲየን የምትሠራዋን። ኋላ ያላት ያሪስ ብትሉት ላያውቃት ይችላል።

የኛም መንግሥት መስመር አለው። ኤክሳይዙ 1,300 ሲሲ ላይ ስለሚለይ፣ ከዚያ በታች ያለ ሞተር ይቀለው ስለነበር፣ ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ሲሲውን ነበር። ቅርጹን በኋላ ነው የሚያየው። የቪትዝ 1,000 እና የያሪስ 1,300 አገሩን የሞሉት ለዚህ ይመስለኛል።

ሲኤምሲ_አዲሱ፦
አሁንማ ቤንዚኑ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ሰፈሬ በኤሌክትሪክ ተሞልቷል። አጎቴ ቮልስዋገን አይዲ 6 ገዛ፣ ሦስት ረድፍ ወንበር ያላት። ለኛ ቤት አማረችን፣ አያቴም ልጆቹም በአንድ ጊዜ ይገባሉ። ጥያቄዬ ለኮሎኙ ነው። እናንተ ጋ ስንት ትሸጣለች? የጀርመን መኪና አይደለች?

ኮሎኝ_ያለሁ፦
አትሸጥም። እውነቴን ነው፣ ቮልስዋገን አይዲ 6ን እዚህ አያቀርባትም። በ2021 ለቻይና ብቻ ብሎ ነው ያወጣት፣ የምትሠራውም እዚያው ነው። እዚህ ያለችው አይዲ 4 ናት፣ ሁለት ረድፍ። ለገና አገር ቤት መጥቼ ቦሌ መንገድ ላይ በአንድ ቀን የቆጠርኳቸውን አይዲ 6 ያህል ጀርመን ውስጥ በሕይወቴ አላየሁም።

ለምን ለቻይና? እዚያ አያትና ልጅ አብሮ መሄዱ የተለመደ ነው፣ አንተም ስለ ቤታችሁ እንዳልከው። ሌላው የኋላ ወንበር ነው። መጀመሪያ ላይ ትልልቅ መኪና የሚገዙት ሹፌር ያላቸው ነበሩ፣ ባለቤቱ ከኋላ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ አውዲ ኤ6ን ለቻይና እግር መዘርጊያውን አስረዝሞ ኤ6ኤል አለው፣ ቢኤምደብሊውም 5 ሲሪየሱን፣ መርሴዲስም ኢ ክላሱን እንዲሁ። አሁን ባለቤቱ ራሱ ቢነዳም ወላጆቹን ከኋላ ማስቀመጥ ይፈልጋል፣ ርዝመቱ ቀረ ማለት አይቻልም። እኔ ለዚህ ምክንያት ክብር አለኝ። ለታክስ ሲባል ከተቆረጠ ኋላ ይልቅ ለእናት ጉልበት ሲባል የረዘመ ኋላ ደስ ይላል።

ተቆርቋሪው፦
እሺ ይሄኛው ገባኝ። ስለ ሃርድቦዲው የጻፍከውን ግን አልረሳሁትም፣ እሱ ለብቻው የውይይት ክር ይገባዋል። ዛሬ ማታ እከፍተዋለሁ።

ማርታ_ቨርጂኒያ፦
ክፈተው፣ እኔም እጽፋለሁ። አባቴ በዚያ መንገድ ላይ ጓደኞቹን አጥቷል።

ሽሮሜዳ07፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ይህን ያህል አገኛለሁ ብዬ አልጠበቅኩም። ወሬ ልንገራችሁ። ጋሼ ባሉት መሠረት ትናንት ሶማሌ ተራ ተመልሼ የሻንሲ ቁጥር ካልነገራችሁኝ አልገዛም አልኩ። ሁለት ሱቅ አናውቅም አሉኝ። ሦስተኛው ጋ ሰውዬው የተፈታችውን መኪና የሻንሲ ወረቀት አውጥቶ አሳየኝ፣ 17 ነው። ሜትር ይዤ ስለነበር ለካሁት፣ ልክ ነው። ዛሬ ጠዋት ገጠምነው፣ የቀረው ቀለም ነው። ጠባቡ ፓራውልት ቤቴ ቆሟል፤ አክሲዮ ያለው ሰው ካለ በገዛሁበት ዋጋ ይውሰደው።

ዲዛየር_ራይድ፦
እንኳን ደስ ያለህ። ጋሼ፣ እኔም አንድ ልጠይቅዎት። የእህቴ ያሪስ ሴዳን የኋላ መብራት ተሰብሮባት የቤልታ ነው የሚሸጡላት። ቤልታ ከያሪስ ሴዳን ጋር አንድ ናት ይላሉ። ይገጥማል?

ባትላሜራው፦
ቦዲያቸው አንድ ነው፣ ዓመቷ ከ2006 እስከ 2012 ከሆነ። ግን የኛን ልጅ ያየ በአፍ አይገዛም። የሁለቱንም የሻንሲ ቁጥር ላክልኝ፣ መብራቱንም ከጀርባው፣ ሶኬቱ ከሚገባበት በኩል ፎቶ አንስተህ።